ሁለቱ ሱልጣኖች

አዲስ አበባ ውስጥ ዲሽ ያስተከለ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሠራተኛው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሳህኑን በጥቂት በጥቂቱ ያዞራል፤ ልጅ በር ላይ ቆሞ «መጣ! ኧረ ሄደ! እዚያው ላይ ተወው!» እያለ ይጮኻል። ለብዙ ጊዜ ከሚፈለጉት ሳተላይቶች አንዱ አረብሳት ነበር። የአረብሳት ዋና መሥሪያ ቤት ሪያድ መሆኑን ግን ብዙዎቻችን ልብ አንለውም። ያቺ ከተማ ላለፉት ሃምሳ ዓመታት ገንዘቧን ወደ ሰማይ ስትልክም፣ ለጦር መሣሪያ ስትከፍልም ኖራለች። ሁለቱ ወጪዎች እንዴት አብረው እንደተጓዙ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ዓመቶቹ፣ ካልጠቀስኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአረብ ሊግ አባል አገሮች የጋራ ሳተላይት ድርጅታቸውን ያቋቋሙት ኤፕሪል 14 ቀን 1976 ነው። መቀመጫው ሪያድ ሆነ፤ ትልቁን ድርሻ የያዘችውም ሳዑዲ ዓረቢያ ናት። ከ1973ቱ የመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት በኋላ የነዳጅ ዋጋ አራት እጥፍ ገደማ ንሮ ስለነበር የመንግሥቱ ካዝና ሞልቷል። በ1977 እዚያው ሪያድ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ማዕከል ተከፈተ፤ ኋላ ላይ የንጉሥ አብዱልአዚዝ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ከተማ የሚለውን ስም አገኘ። የሳዑዲ ሳተላይቶች ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ቤት ነው።

ጦሩም በበኩሉ አልተኛም። በ1981 አሜሪካ አዋክስ የሚባሉትን አምስት የቅኝት አውሮፕላኖች ጨምሮ 8.5 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ መሣሪያ ለሳዑዲ ልትሸጥ ተነሣች። ሽያጩን ለማገድ የቀረበውን ሐሳብ የአሜሪካ ሴኔት ኦክቶበር 28 ቀን 52 ለ 48 በሆነ ድምፅ ጣለው። ግዢው ጸደቀ።

ከዚያ 1985 መጣ። በዚህ ዓመት ላይ ቆየት ማለት እፈልጋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ በሪያድ የሆነው ሁሉ በዚያ አንድ ዓመት ውስጥ በትንሹ ተሠርቶ ይታየኛልና።

ፌብሩዋሪ 8 ቀን የመጀመሪያው የአረብሳት ሳተላይት በአሪያን ሮኬት ከፈረንሳይ ጊያና መጠቀ። ሁለተኛው ተራውን ያገኘው በአሜሪካ መንኮራኩር ነው። አረብሳት የናሳ ደንበኛ በመሆኑ አንድ ሰው አብሮ እንዲልክ ተፈቀደለት። የተመረጡት የሪያድ ገዥ የልዑል ሳልማን ልጅ፣ የ28 ዓመቱ ልዑል ሱልጣን ቢን ሳልማን ነበሩ። ከጥቂት ሳምንታት ሥልጠና በኋላ ጁን 17 ቀን 1985 በዲስከቨሪ ተሳፍረው ከፍሎሪዳ ወደ ጠፈር ወጡ። ከዓረብም ከሙስሊሙም ዓለም ከእርሳቸው በፊት ጠፈር የደረሰ የለም።

የረመዳን የመጨረሻ ቀናት ነበሩ። ልዑሉ ኢድን ያሳለፉት ምድርን እየዞሩ ነው፤ ንጉሥ ፋህድም ከምድር ደውለው አነጋገሯቸው። አረብሳት 1ቢ በተነሡ ማግስት ከመንኮራኩሯ ሆድ ወጥቶ ወደ ቦታው ተልኳል። ልዑሉ አገራቸውን ከላይ ፎቶ አነሡ፣ የሳዑዲ ተመራማሪዎች የሰጧቸውን ሙከራዎች ሠሩ። ከሙከራዎቹ አንዱ ዘይትና ውኃ ስበት በሌለበት ቦታ እንዴት እንደሚቀላቀሉና እንደሚለያዩ ማየት ነበር፤ በነዳጅ ለሚኖር አገር ጥያቄው ቅንጦት አይደለም። ልዑሉ ከተመለሱ በኋላ ደጋግመው የሚናገሩት አንድ ነገር አለ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እያንዳንዱ ተሳፋሪ የየራሱን አገር በጣቱ ያሳይ ነበር፤ ቀስ በቀስ ጣቱ ወደ አህጉሩ ዞረ፤ በመጨረሻ የሚታያቸው አንዲት ምድር ብቻ ሆነች።

በዚያችው መንኮራኩር ላይ ግን ሌላም ነገር ተጭኖ ነበር። በጎን በሯ መስኮት ላይ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው መስታወት ተገጥሟል። ሃዋይ ውስጥ ማዊ በምትባል ደሴት ካለ ተራራ አናት ላይ የጨረር ብርሃን ይተኮሳል፤ መስታወቱ ተቀብሎ ይመልሰዋል። ሙከራው ፕሬዚዳንት ሬጋን የጀመሩት፣ ሰው «የከዋክብት ጦርነት» ያለው የሚሳይል መከላከያ ፕሮግራም አካል ነው። ጁን 19 ቀን የተደረገው የመጀመሪያ ሙከራ ከሸፈ። የተራራው ከፍታ 10,023 ጫማ ነበር፤ ኮምፒውተሩ ግን ቁጥሩን በባሕር ማይል ቆጠረው። በዚህ ስሌት ተራራው ከመንኮራኩሯ እጅግ ርቆ ወደ ላይ የተሰቀለ ሆነ፤ ዲስከቨሪም መስታወቷን ወደ ምድር ሳይሆን ወደ ባዶው ጠፈር አዞረች። ስሕተቱ ታርሞ ጁን 21 ቀን ተሳካ። የዓረቡ ዓለም የቴሌቪዥን ሳተላይትና የጦር ጨረር መስታወት በአንድ መንኮራኩር፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ተጓዙ ማለት ነው።

ልዑሉ ጁን 24 ቀን በሰላም አረፉ። ነሐሴ ሲያልቅ፣ ኦገስት 31 ቀን፣ ለአባታቸው ሌላ ወንድ ልጅ ተወለደ። ስሙን ሞሐመድ አሉት። ወደ እርሱ እንመለሳለን።

ወር ሳይሞላ፣ ሴፕቴምበር 26 ቀን 1985፣ ለንደን ውስጥ ሌላ ሱልጣን ብዕር አነሡ። እኚህ የጠፈርተኛው አጎት፣ ከ1963 ጀምሮ የመከላከያ ሚኒስትር የነበሩት ልዑል ሱልጣን ቢን አብዱልአዚዝ ናቸው። ከብሪታንያው የመከላከያ ሚኒስትር ከማይክል ሄሰልታይን ጋር የተፈራረሙት 72 ቶርኔዶ ተዋጊ አውሮፕላኖች፣ 30 ሆክና 30 ፒሲ-9 የማሠልጠኛ አውሮፕላኖች እንዲገዙ ነው። ውሉ አል-ያማማ ተባለ። ስሙ ሪያድ ያለችበት ጥንታዊ አውራጃ ስም ነው፤ በዐረብኛ ርግብ ማለትም ይሆናል። ክፍያው በነዳጅ ነበር፤ በቀን እስከ 600,000 በርሜል ድረስ ለዚሁ ዕዳ ይወጣ ጀመር። ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ2005፣ የአውሮፕላኖቹ ሻጭ የቢኤኢ ኩባንያ ዋና ሥራ አስኪያጅ ማይክ ተርነር ኩባንያቸውና ከእርሱ በፊት የነበረው ከዚህ ውል 43 ቢሊዮን ፓውንድ ማግኘታቸውን ተናግረዋል። በአንድ ክረምት ሁለት ሱልጣኖች፤ አንዱ ለሰባት ቀን ሰማይ ወጣ፣ ሌላው ለሃያ ዓመት የሚከፈል ውል ፈረመ።

ስለ ሌላ አገር ስጽፍ የራሴን ማለፍ አልችልም። ያ ጊዜ በእኛ አቆጣጠር 1977 ዓ.ም. ነው። ወሎና ትግራይ በረሃብ እየረገፉ ሳለ ደርግ ከአፍሪካ ትልልቅ ሠራዊቶች አንዱን ይቀልብ ነበር። የሪያድ ሰው ቢያንስ ከሞላ ካዝና ነበር የሚያወጣው።

ያም ካዝና ቢሆን ብዙ አልቆየም። በ1986 የነዳጅ ዋጋ ተሰብሮ አንድ በርሜል ከ10 ዶላር በታች እስከ መሸጥ ደረሰ። በዚያው ዓመት ጃንዩዋሪ 28 ቀን ሌላዋ የናሳ መንኮራኩር ቻሌንጀር በተነሣች በ73 ሰከንድ ሰባት ሰዎችን ይዛ ፈነዳች፤ ናሳም የደንበኞቹን ሰዎች በመንኮራኩር መላኩን አቆመ። ስለዚህ የሳዑዲ የጠፈር ጉዞ የቆመው በገንዘብ ምርጫ ብቻ ነው ብል እውነቱን አጎድላለሁ። ግን የተቆረጠው የቱ ነው? የአል-ያማማ አውሮፕላኖች መምጣታቸውን ቀጠሉ፤ በ1988ም ሳዑዲ ከቻይና ባለስቲክ ሚሳይሎች በድብቅ መግዛቷ ታወቀ። ከጠፈር የተመለሱት ልዑል ሱልጣንም የአየር ኃይል መኮንን ሆነው እስከ 1996 አገለገሉ። ሁለተኛ ሳዑዲያዊ ጠፈር ለመድረስ 38 ዓመት ፈጀ።

በጃንዩዋሪ 1991፣ በባሕረ ሰላጤው ጦርነት፣ የኢራቁ መሪ የሳዳም ሁሴን ስከድ ሚሳይሎች በሪያድ ላይ መዝነብ ጀመሩ። ሰው መስኮቱን በፕላስተርና በላስቲክ አሸገ፤ የጋዝ ጭንብል ከአልጋው አጠገብ አስቀምጦ ተኛ። የማስጠንቀቂያው ጩኸት ሲሰማ ዜናው የመጣው ከሰማይ ነው፤ ሚሳይሉ ኢራቅ ውስጥ ሲነሣ የሚያወጣውን ሙቀት የአሜሪካ ሳተላይቶች ያዩት ነበር። እነዚያን ጥቂት ደቂቃዎች ለሪያድ እናቶች የሰጣቸው ጠፈር ላይ የዋለ ገንዘብ ነው፤ የሌላ አገር ገንዘብ ግን። ሳዑዲ ለአሜሪካ የጦርነቱ ወጪ ማካካሻ 16.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ከፈለች። በቀጣዩ ዓመትም 9 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጡ 72 ኤፍ-15 ተዋጊዎችን ለመግዛት ተስማማች። ከዚያ ጦርነት ሪያድ የወሰደችው ትምህርት ተጨማሪ አውሮፕላን መግዛት ነበር። የራሷ ሳተላይት ሰማይ ላይ እንዲኖራት ለማድረግ ገና ዘጠኝ ዓመት ቀራት።

ቀኑ ደርሶ ሴፕቴምበር 26 ቀን 2000 ሆነ። አል-ያማማ የተፈረመበት ልክ 15ኛ ዓመት ነው፤ ግጥምጥሞሽ ነው፣ ግን የሚገርም ግጥምጥሞሽ። በንጉሥ አብዱልአዚዝ ከተማ የተሠሩት ሳዑዲሳት 1ኤ እና 1ቢ ካዛክስታን ከሚገኘው ባይኮኑር መጠቁ። እያንዳንዳቸው 10 ኪሎ ግድም ናቸው፤ የአንድ ኩንታል ጤፍ አንድ አሥረኛ። የተሸከማቸው ሮኬት ድኒፐር ይባላል። ድኒፐር ደግሞ ሶቪየት ኅብረት አሥር የኑክሌር አረሮችን አሜሪካ ድረስ እንዲያደርስ የሠራችው ሚሳይል ነው፤ ቀዝቃዛው ጦርነት ሲያበቃ አረሩ ወልቆ ሳተላይት ተጫነበት። ሰው ገንዘቡን ለምን ማዋል እንደሚችል ማየት የሚፈልግ ያንን አንድ ሮኬት ይመልከት። የብረቱ ወጪ አስቀድሞ የወጣ ነው። የተቀየረው አናቱ ላይ የተቀመጠው ዕቃ ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ ትንንሾቹ ሳተላይቶች በየጊዜው ተከታተሉ። ኤፕሪል 17 ቀን 2007 ሳዑዲሳት 3 ከአምስት የመገናኛ ሳተላይቶች ጋር መጠቀ፤ በ2014 ሳዑዲሳት 4 ከናሳና ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጋር የተዘጋጀ ሙከራ ይዞ ሄደ። ጦሩ በበኩሉ በትልቅ እርምጃ ሄደ። በ2010 አሜሪካ 60 ቢሊዮን ዶላር ሊደርስ የሚችል የመሣሪያ ሽያጭ ይፋ አደረገች፤ ከውስጡ 84 አዲስ ኤፍ-15 ነበረበት።

በ2011 አሮጌው ሱልጣን፣ የመከላከያ ሚኒስትሩ፣ አረፉ። ቦታቸውን የያዙት ለ48 ዓመት ገደማ ሪያድን ሲገዙ የኖሩት የጠፈርተኛው አባት ልዑል ሳልማን ናቸው። ጃንዩዋሪ 2015 ሳልማን ነገሡ፤ የመከላከያ ሚኒስቴሩን ለልጃቸው ለሞሐመድ ሰጡት። በ1985 ክረምት፣ በሁለቱ ሱልጣኖች መሃል የተወለደው ያ ሕፃን ነው።

ሁለት ወር አለፍ እንዳለ፣ ማርች 26 ቀን 2015 ሌሊት፣ ሳዑዲ መራሹ ጥምር ጦር የመንን መደብደብ ጀመረ። ከዓመት በፊት ከ100 ዶላር በላይ የነበረው የነዳጅ ዋጋ በግማሽ ወርዷል። በዚያ ዓመት ግን፣ የስቶክሆልሙ የሰላም ጥናት ተቋም ሲፕሪ እንደገመተው፣ ሳዑዲ ለጦር 87 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አውጥታ ሩሲያን በመቅደም ከዓለም ሦስተኛ ሆነች። ከዚህ ሁሉ ገንዘብ ምን ያህሉ አገር ውስጥ ይቀራል? መንግሥቱ ራሱ በኤፕሪል 2016 ባወጣው ራዕይ 2030 ሰነድ መልሱን ጻፈው፤ 2 በመቶ ብቻ። የቀረው ለውጭ ፋብሪካዎች ነው። በ2030 ወደ 50 በመቶ እንዲያድግ ዕቅድ ተያዘ።

ጦርነቱ ሪያድም ደረሰ። ኖቬምበር 4 ቀን 2017 ከየመን የተተኮሰ ሚሳይል በንጉሥ ኻሊድ አውሮፕላን ማረፊያ አቅራቢያ ወደቀ። ማርች 25 ቀን 2018 ሌሊት ደግሞ በርካታ ሚሳይሎች ተተኮሱ፤ ከላይ የወረደ ስብርባሪ ሪያድ ውስጥ አንድ ግብፃዊ ገደለ። የሞተው የሳዑዲም የየመንም ሰው አልነበረም። መንፉሃ በመሰሉ የሪያድ ሰፈሮች ለሚኖሩ ወገኖቻችንም ያ ሰማይ ጣሪያቸው ነው። ስለዚህ ለመከላከያ የሚወጣ ሳንቲም ሁሉ ከንቱ ነው የሚል ሰው ያችን ሌሊት ሪያድ ውስጥ አላደረም። እኔ የምከራከረው ስለ መጠኑ ነው፤ ደግሞም ሚሳይሉን የጠራው ጦርነት ራሱ በዚያው ገንዘብ የተከፈተ ነበር።

በዚያው 2018 ሜይ ወር ላይ ብዙ ያልተወራለት ነገር ሆነ። ቻይና ወደ ጨረቃ ከላከቻቸው ትንንሽ ሳተላይቶች በአንዱ ላይ የሪያድ ባለሙያዎች የሠሩት ካሜራ ተገጥሞ ነበር፤ ከጨረቃ ዙሪያ ሆኖ ጨረቃንና ምድርን በአንድ ምስል አሳየ። ዲሴምበር 27 ቀን ደግሞ በንጉሡ ትእዛዝ የሳዑዲ የጠፈር ባለሥልጣን ተቋቋመ። ሊቀ መንበር ተደርገው የተሾሙት ልዑል ሱልጣን ቢን ሳልማን ናቸው። በ28 ዓመታቸው ምድርን የዞሩት ሰው 62 ዓመት ሆኗቸዋል። በ2020 ለጠፈር ፕሮግራሙ እስከ 2030 ድረስ 8 ቢሊዮን ሪያል፣ ማለትም 2.1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚመደብ ተገለጸ። በቀጣዩ ዓመት ልዑሉ ወንበሩን ለቀቁ።

እኛም በዚያ ሰሞን ሰማይ ደርሰን ነበር። ዲሴምበር 20 ቀን 2019 የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ከቻይና መጠቀች፤ እንጦጦ ላይ የተሰበሰበው ሰው በማለዳ ቁርና ደስታ ሲከታተላት ነበር። ወጪዋ 8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን 6 ሚሊዮኑን የሸፈነችው ቻይና ናት። እርሻችንን፣ ደናችንንና ውኃችንን እንድታይልን ነበር የተላከችው። ዓመት ሳይሞላት፣ ኖቬምበር 4 ቀን 2020፣ የትግራዩ ጦርነት ተጀመረ። ስለዚህ ከሪያድ ታሪክ ውስጥ የራሴን አገር ባየሁ ቁጥር ልቤ ይሰበራል።

ማርች 2022 ሪያድ የመጀመሪያውን የዓለም የመከላከያ ኤግዚቢሽን አዘጋጀች። ጁላይ ላይ ናሳ የሚመራውን የአርጤምስ የጨረቃ ስምምነት ፈረመች። በሴፕቴምበር ሌላው የንጉሡ ልጅ፣ የቀድሞው የኤፍ-15 አብራሪ ልዑል ኻሊድ ቢን ሳልማን፣ የመከላከያ ሚኒስትር ሆኑ፤ አልጋ ወራሹ ሞሐመድ ጠቅላይ ሚኒስትር ተባሉ።

ሜይ 21 ቀን 2023፣ ከዲስከቨሪ 38 ዓመት በኋላ፣ ሁለት ሳዑዲያውያን ከፍሎሪዳ ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ተነሡ። አንደኛዋ ሪያድ በሚገኘው የንጉሥ ፈይሰል ስፔሻሊስት ሆስፒታል ምርምር ማዕከል የካንሰር ተመራማሪ የነበሩት ራያና በርናዊ ናቸው፤ ምድርን በጠፈር የዞሩ የመጀመሪያዋ ዓረብ ሴት። ሁለተኛው ዓሊ አልቀርኒ የኤፍ-15 ተዋጊ አብራሪ ናቸው። ከጣቢያው ሆነው በሺዎች ለሚቆጠሩ የሳዑዲ ተማሪዎች ሙከራ አሳዩ። አንዱ ስለ ወረቀት ካይት ነበር፤ አየር ያለበት ስበት የሌለበት ክፍል ውስጥ ካይት እንዴት ይበራል? ልጆቹ ያንኑ ካይት በየትምህርት ቤታቸው እያበረሩ አነጻጸሩ። አንድ ሕፃን ክር ይዞ ወደ ሰማይ እያየ «ለምን?» ሲል የዋለበት ቀን ዋጋው በየትኛው የበጀት መዝገብ እንደሚገባ አላውቅም፤ ግን ከሁሉም ወጪ የበለጠ የከፈለ ይመስለኛል።

ወደ ቁጥሩ ስንመጣ፣ ሲፕሪ በ2024 የሳዑዲን የጦር ወጪ 80.3 ቢሊዮን ዶላር አድርጎ ገምቶታል፤ ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት 7.3 በመቶ። ይህ የናሳ የዚያ ዓመት በጀት ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ለ2025 መንግሥቱ ለጦሩ የመደበው 272 ቢሊዮን ሪያል ሲሆን ለትምህርት የመደበው 201 ቢሊዮን ነው። 272ቱን ለዓመቱ ቀናት ስናካፍለው፣ በ2020 የተነገረው የአሥር ዓመት የጠፈር ገንዘብ የጦሩን 11 ቀን እንኳ አይሞላም። በእርግጥ ለጠፈር የሚወጣው ያ ብቻ አይደለም፤ በ2024 የመንግሥቱ የኢንቨስትመንት ፈንድ የራሱን የጠፈር ኩባንያ አቋቁሟል። ያም ተደምሮ ሚዛኑ አይነቃነቅም። ሪያድ ሃምሳ ዓመት ሙሉ መጠኑን ተሳስታለች ብዬ አምናለሁ፤ ከእርሷ በደኸየ ጓዳ ያንኑ የምናደርገው እኛ ደግሞ የባሰ ተሳስተናል።

ሜይ 13 ቀን 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ሪያድ ገቡ። በዚያ ቀን ዋይት ሐውስ በታሪክ ትልቁ ያለውን፣ 142 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ የመከላከያ ሽያጭ ስምምነት ይፋ አደረገ። ከሽያጩ ዘርፎች የመጀመሪያው የአየር ኃይል ማሻሻያና የጠፈር አቅም ነው፤ ጠፈር ራሱ ከመሣሪያው ጋር በአንድ መስመር ተጽፎ ተሸጠ። በዚያው ጉብኝት የሳዑዲ የጠፈር ኤጀንሲና ናሳ ሌላ ስምምነት ይፋ አደረጉ። በእርሱ መሠረት አንዲት ትንሽ የሳዑዲ ሳተላይት ሰዎችን በጨረቃ ዙሪያ እንዲያዞር ከታቀደው አርጤምስ 2 ጋር እንድትጓዝ ተወሰነ። የታሰበላት ሥራ ከፀሐይ የሚነሣውን የጠፈር ጨረር መለካት ነበር።